ያጠረችው ፍላጻ

ከብሔራዊ ትያትር ጀርባ፣ ካረጀው ፎቅ ሥር፣
የአደን ወኪሉ ሰሌዳ ፊደሉ ረግፎ ሲቀር፣
ጋሽ ኃይለልዑል ብቻ አልወጡም፤ እዚያው አሉ፣
የባዶ መጋዘን ቁልፍ ወገባቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ።

ደጋኑን ጠረጴዛቸው ላይ ከጨርቁ ፈታሁት፦
ሁለት መዘውር፣ የተጠላለፈ ጅማት፣
ቅጠልያ የተቀባ፣ የቀዘቀዘ ብረት።
አንድ የውጭ አዳኝ ነው ለአባቴ የተወለት
በጉርሻ ስም፣ ሲሰናበት።
አባቴ ባሕሩ፣ የደጋ አጋዘን ዱካ በጭጋግ የሚያነብ፣
ተኳሹ ሲያነጣጥር ፊቱን አዙሮ ሌላ የሚያስብ።

«ጥሩ ፍላጻ ይስጡኝ» አልኳቸው። ሳቁ።
«ጥሩ የሚባል የለም» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ፤
«ለየትኛው ደጋን? ለማን ክንድ? ስልሳ ፓውንድ ትስቢያለሽ?
ጫማ ስትገዢስ፣ ልጄ፣ በሰው እግር ነው የምትለኪው ወይስ በእግርሽ?»

ከቁም ሳጥኑ አንድ እቅፍ አወጡ፣ አሥራ አንድ ፍላጻ፣
ከሰባት አዳኝ የተራረፈ፤
አንዱ ላባው የተላጨ፣ አንዱ ከዝገት ያልነጻ።
ሁለት ወንበር አራራቁ፤ ዘንጉን በላያቸው አጋደሙ፤
የበሩን ጋን ቁልፍ ከመሐሉ አንጠልጥለው በርከክ ብለው ገመገሙ።

«ስንት ጎበጠ? በማስመሪያ ለኪ።
ልፍስፍሱ ሲወነጨፍ እንደ እባብ ይጥመለመላል፤
ድርቅ ያለው ደግሞ አይታዘዝም፤ ወደ ጎን ይኮበልላል።
እኔ የምወደው ሲጫኑት ጎንበስ፣
ሲለቁት ቀጥ የሚለውን ነው፤ ቂም ሳይዝ፣ መለስ።»

ካርቦኑን እያጠማዘዙ ጆሯቸው ሥር አዳመጡ።
አንዱ ተንጣጣ።
«የውስጥ ስንጥቅ ነው። እጅ ላይ ይፈነዳል።»
ሰው አንስቶ እንዳይሞክረው በመጋዘኑ በር አጣብቀው ሰበሩት፤
ስባሪውን በጋዜጣ ጠቅልለው ለብቻ አኖሩት።

ሚዛን አልነበረም። ቸርችልን ሽቅብ ወጣን፣ ወደ ፒያሳ፣
እኔ እቅፉን በብብቴ ይዤ፣
እሳቸው ትንፋሽ እያጠራቸው፣ ወሬያቸው ግን ሳይሳሳ።
ወርቅ ሠሪው ጌዴዎን ሚዛኑን ከቀለበት ፍርፋሪ ጠረገ፤
«ስንት ካራት ናት?» ብሎ አሾፈ፤
አንድ አንዷን ግን በጥንቃቄ ላዩ ላይ አደረገ።

አሥራ ሰባት ግራም። «ይህቺ ትቅር፣ ቀላል ናት፤
ደጋኑ ጉልበቱን ሁሉ ማሸከም አይችልባት፤
በባዶ እንደ መተኮስ ነው፤ መዘውሩን ይሰነጥቃል የተረፈው ጉልበት።»
ሃያ ሰባት። ሃያ ሰባት ተኩል። እንደገና ሃያ ሰባት።
ሦስት ተገኙ።
አራተኛዋም ሃያ ሰባት።

ላባዋ ሥር በሰማያዊ እስክሪብቶ «ባ» ተጽፎባታል።
ጉብጠቷ ልክ፤ ጆሮ ላይ ዝም፤ ጥርሷ ጅማቱን ይነክሳል።

ከወርቅ ሠሪው ግድግዳ ተለጥፌ ክንዴን ዘረጋሁ፤
ከጣት ጫፍ እስከ ጣት ጫፍ በሜትር ተለካሁ።
ጋሽ ኃይለልዑል አካፍለው አሰሉ፤ ዘንጓን ከክንዴ አስጠግተው ያዙ፤
ትንሽ ተከዙ።
«ሁለት ኢንች ታጥራለች። ለራሱ ክንድ ነው የቆረጣት።
አንቺ ስትስቢ ጫፏ ከማረፊያዋ ታፈተልካለች፤
መዳፍሽን ነው የምትመታው ያን ሰዓት።»

አላውቅም ነበር ክንዴ ከክንዱ እንደሚረዝም፤
መደርደሪያ አናት ያለውን ሁሉ የሚያወርደው እሱ ነበር፣ ለዘላለም።

«እሱ ግን ተኩሶባት ያውቃል?»
«ማታ ማታ፣ መጋዘኑ ኮሪደር ውስጥ፣ ጭድ በሞላ ጆንያ።»
«አውሬ ላይስ?»
«አንድም ቀን።»

ሦስቱን ሸጡልኝ። የ«ባ»ን ዋጋ ግን አልጠሩም።
እኔም አልጠየቅሁም።

ለገሃር ታክሲ ስገባ ረዳቱ እቅፌን አየው፤
«አንቴና ነው? ረጅም ዕቃ ሒሳብ አለው፤
በየፍሬው!»
የሦስቱን ከፈልኩ።
አራተኛዋን ጉልበቴ መሐል አቁሜ፣
«ይህቺ አጭር ናት» አልኩት።